ዋርድ ስንት መድፍ ነበራት? መጀመሪያ ቀኑን ንገረኝ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጃፓን በ1941 ስላጠቃችው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ወደብ ስለ ፐርል ሃርበር የትረካ ቪዲዮ እያዘጋጀሁ ነው። ዩኤስኤስ ዋርድ ስለምትባለው የአሜሪካ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ያገኘሁት መረጃ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ 4 መድፍና 12 የቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ቱቦ ነበራት ይላል። ሌላው 3 መድፍ ብቻ ነው፣ ቶርፔዶ የሚባል ነገር የላትም ይላል። በ17 ቀን ተሠርታ አለቀች፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ጥይት ተኮሰች፣ በመጨረሻም የገዛ አዛዧ ሆን ብሎ አሰመጣት የሚሉም አሉ። የትኛውን ልመን? ትጥቋን በአጭሩ ልግለጽ ብልስ ምን ልበል?»

መልስ፦ ስለ ትጥቁ ሁለቱም ምንጮችህ ልክ ናቸው። አንዱ የ1941ዋን ዋርድ ነው የሚገልጸው፣ ሌላው የ1944ዋን። በመካከሉ መርከቧ ጥገና ገብታ የሆዷ ከፊሉ ወጥቷል። ሥራዋም መለያ ቁጥሯም ተቀይሯል። ስለዚህ «ስንት መድፍ ነበራት?» ለሚለው «መቼ?» ሳይባል መልስ የለውም። በኢንተርኔት የምታየው ውዝግብ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ቁጥሩን ይገለብጣል፣ ቀኑን ይተወዋል።

ከ17 ቀኑ ልጀምር። እሱ ግማሽ እውነት ነው። ዋርድ የተሠራችው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የሜር አይላንድ የባሕር ኃይል መርከብ ማምረቻ ነው። የመጀመሪያው የሥር ብረት የተነጠፈው ሜይ 15 ቀን 1918 ነው። ውሃ ላይ የወረደችው ጁን 1 ነው። በመካከሉ ያለው 17 ቀን ተኩል ነው። ይህ እውነት ነው፣ ያኔም ጉድ ተብሎለታል። ነገር ግን ውሃ ላይ ወረደች ማለት አለቀች ማለት አይደለም። ውሃ ላይ የሚወርደው በአብዛኛው ቀፎው ነው። ከዚያ በኋላ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል። ዋርድ ባንዲራዋን ሰቅላ አገልግሎት የጀመረችው ጁላይ 24 ቀን ነው። ከመጀመሪያው ብረት ሲቆጠር 70 ቀን መሆኑ ነው። በ70 ቀን የጦር መርከብ ማስረከብም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ «በ17 ቀን ተሠርታ አለቀች» ብለህ አታንብብ። «በ17 ቀን ተኩል ውሃ ላይ ወረደች» በል።

እንዴት ሊፈጥን ቻለ? ቀኑ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብረት መቀመጫው ላይ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ነው። ሜር አይላንድ ከዚያ በፊት ብረቶቹን ቆርጦ፣ በስቶ፣ ትላልቅ ክፍሎችንም አስቀድሞ ገጣጥሞ አስቀምጧል። ሰዓቱ መቆጠር ሲጀምር ክፍሎቹን አምጥቶ ማያያዝ ነበር የቀረው። እንዲህ ያጣደፋቸው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። በአትላንቲክ ላይ የንግድ መርከቦችን እየለቀሙ ያሰምጡ ነበር። አጃቢ ዲስትሮየር ደግሞ በቂ አልነበረም። አሜሪካ በአንድ ዓይነት ንድፍ በገፍ መሥራት ጀመረች። ዋርድ የምትመደብበት የዊክስ ክፍል ብቻውን 111 መርከብ አለው። ሁሉም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ከፊት እስከ ኋላ ወጥ የሆነ ወለል፣ በላዩ አራት ቀጫጭን ጭስ ማውጫዎች። አራቱን ጭስ ማውጫ ያዝልኝ፣ በኋላ ፎቶ ስትመርጥ ያድንሃል።

ስሟን ያገኘችው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ከተገደለው የባሕር ኃይል መኮንን ከጄምስ ሃርመን ዋርድ ነው። ለዚያ ሁሉ ጥድፊያ ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልጠበቃትም። አገልግሎት ከጀመረች አራት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ አለቀ። በ1919 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖች አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሡ፣ መንገዳቸው ላይ ተሰልፈው ከጠበቁት መርከቦች አንዷ ነበረች። ከዚያ በፓናማ ቦይ አልፋ ወደ ፓስፊክ ሄደች። በ1921 ሳንዲያጎ ላይ ከአገልግሎት ወጥታ ታሰረች። ወደ 20 ዓመት ያህል እዚያው ቆመች። ስለዚህ ትረካህ ላይ «የሁለት የዓለም ጦርነቶች ተዋጊ» እንዳትላት። በአንደኛው አልተዋጋችም።

አሁን ወደ ትጥቁ። በመጀመሪያው ቅርጿ ዋና መሣሪያዋ 4 መድፍ ነው። የእያንዳንዱ አፈሙዝ 102 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ 15 ኪሎ ገደማ ነው። በተጨማሪ ለአውሮፕላን የታሰበ 76 ሚሊ ሜትር አጭር መድፍ ነበራት። 12 የቶርፔዶ ቱቦ ነበራት፣ ዲያሜትሩ 533 ሚሊ ሜትር። ከኋላ ጫፏ ደግሞ ሰርጓጅ ለመምታት የሚጣለው የጥልቅ ውሃ ቦምብ የሚንከባለልበት ሐዲድ አለ። ንድፉ በሰዓት 35 ኖት ይሰጣታል፣ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ርዝመቷ 96 ሜትር ያህል፣ ወርዷ ግን 10 ሜትር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ብዙ ተራኪ ይሳሳታል። «4 መድፎቿንና 12 ቶርፔዶዎቿን በአንድ ጊዜ ማዝነብ ትችል ነበር» ይላሉ። አትችልም። መድፎቹ የተቀመጡት አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱ ደግሞ በመካከል በግራና በቀኝ ነው። የቀኙ መድፍ ወደ ግራ ሊተኩስ ቢፈልግ የመርከቧ የራሷ አካል ይጋርደዋል። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን የሚደርሱት ሦስት መድፎች ናቸው። የቶርፔዶ ቱቦዎቹም ሦስት ሦስት ሆነው በአራት ቦታ ተጠምደዋል፣ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። ወደ አንድ ጎን የሚወጣው ስድስት ነው። ይህ የንድፉ ድክመት ነው፤ ክብደቱን ሁሉ ተሸክማ በከፊሉ ብቻ ትዋጋለች። ሌላው ድክመት፣ ዋናዎቹ መድፎች ለመርከብ የተሠሩ እንጂ ለሰማይ አይደሉም። አፈሙዛቸው ብዙ ቀና አይልም። በ1918 አውሮፕላን ለመርከብ ገና ያን ያህል አሳሳቢ ስላልነበር ብዙም አልተጨነቁበትም። በ1941 ግን ዋርድ ለአዲስ ዘመን ያረጀች መርከብ ነበረች። ያም ሆኖ የፐርል ሃርበሩ ጠዋት የጠየቃት ነገር አሮጌ መሣሪያዋ የሚችለውን ነበር።

ከአገልግሎት የወጣችው መርከብ በጃንዋሪ 1941 እንደገና ተጠራች። የተመደቡላት አብዛኞቹ መርከበኞች ከሚኒሶታ ግዛት፣ ከሴንት ፖል ከተማ የመጡ ተጠባባቂዎች ነበሩ። ሚኒሶታ ባሕር የሚባል ነገር አታውቅም፣ ሐይቅ ነው ያላት። እነዚህ ልጆች አሮጌዋን መርከብ ይዘው ሃዋይ ገቡ። ሥራቸው የፐርል ሃርበርን መግቢያ እየተመላለሱ መጠበቅ ነበር። አዛዡ ሌተናንት ዊሊያም አውተርብሪጅ መርከቧን የተረከበው ዲሴምበር 5 ነው። ከጥቃቱ ሁለት ቀን በፊት ማለት ነው። መርከብ ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ጠዋቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የፈረንጅ ምንጮች ዋርድ የተኮሰችው 6:45 ላይ ነው ይላሉ። ይህን እንዳለ «ከስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት» ብሎ ያነበበ ትረካ ሰምቻለሁ። አድማጩ እኩለ ቀን ይመስለዋል። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12:45 ነው። እኔ ከዚህ በታች ሰዓቱን በእኛ፣ ቀኑን በእነሱ እጽፋለሁ። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1934 ነው፣ ዕለቱም እሑድ ነበር።

ከሌሊቱ 9:42 ላይ ኮንዶር የምትባል ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ከወደቡ መግቢያ ውጪ የፔሪስኮፕ (ከሰርጓጅ ወደ ላይ የሚወጣ መመልከቻ) ጫፍ አየች። ለዋርድ በብርሃን ምልክት ነገረቻት። ዋርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለገች፣ አላገኘችም። አውተርብሪጅ ተመልሶ ተኛ። ሊነጋጋ ሲል አንታሬስ የምትባል የስንቅ መርከብ ጠፍጣፋ ጀልባ እየጎተተች ወደ ወደቡ ተቃረበች። ከኋላዋ ውሃው ላይ ጥቁር ነገር ወጣ ገባ ሲል ታየ። የሰርጓጅ ማማ ነበር። አንታሬስ ሰርጓጅ በሚያግደው የወደቡ መረብ በር ስታልፍ ተከትሎ ሊገባ ነው። በላይ ሲዞር የነበረ የባሕር ኃይል አውሮፕላንም አይቶት በጭስ ምልክት አመላከተ። አውተርብሪጅን ቀሰቀሱት። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ በዚያ የተከለለ ውሃ ውስጥ ሳይፈቀድለት የተገኘ ሰርጓጅ ይመታል።

12:45 ላይ የፊተኛው መድፍ ተኮሰ። ርቀቱ 90 ሜትር ገደማ ነው። ጥይቱ ከማማው በላይ አልፎ ሄደ። ዋርድ እየገሰገሰች ስለነበር ቀጣዩ ዕድል የቀኙ መድፍ ሆነ፣ ቁጥር 3። ርቀቱ ከ50 ሜትር አይበልጥም። በዚህ ርቀት ላይ ማነጣጠሪያ መሣሪያ ምንም አይሠራም፤ አፈሙዙን አዙሮ በዓይን እያዩ መተኮስ ነው። ጥይቱ ማማው ከሰርጓጁ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከውሃው ወለል አጠገብ ገባ። ሰርጓጁ አዘነበለ። ወዲያው ዋርድ በላዩ ስታልፍ አራት የጥልቅ ውሃ ቦምቦች ጣለች። የሚፈነዱበት ጥልቀት 30 ሜትር ላይ ተሞልቶ ነበር። ዘይት ወደ ላይ ወጣ።

«ለምን ቶርፔዶ አልተጠቀመችም?» ብሎ አድማጭ መጠየቁ አይቀርም። ቶርፔዶ ከቱቦ ወጥቶ ጥልቀቱን እስኪይዝና ፈንጂው እስኪነቃ የተወሰነ ርቀት መጓዝ አለበት። በ50 ሜትር ላይ ገና አልነቃም። ከዚያም በላይ ዒላማው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ አብዛኛው አካሏ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ሰርጓጅ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ጃፓኖች በዚያ ሌሊት አምስት እንዲህ ያሉ ሰርጓጆችን በትላልቅ ሰርጓጆች ጀርባ ጭነው አምጥተው ነበር። የ12 ቶርፔዶዎቹ ነገር በወረቀት ላይ ያማረ ነው እንጂ ያን ቀን ምንም አልሠሩም።

የትኛው መሣሪያ ነው ያሰመጣት? ለዓመታት አከራካሪ ነበር። አውተርብሪጅ ራሱ በሪፖርቱ ሁለቱንም ጠቅሷል፤ የመድፉ ጥይት እንደመታት፣ ከዚያም ሰርጓጇ በቀጥታ ወደ ቦምቡ የገባች እንደሚመስል። ጭራሽ ምንም አልተመታም የሚሉም ነበሩ። መልሱ የመጣው ኦገስት 28 ቀን 2002 ነው። የሃዋይ የባሕር ሥር ምርምር ላቦራቶሪ ሠራተኞች በሁለት የጥናት ሰርጓጆች ወርደው 400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኟት። ማማዋ በቀኝ በኩል ተበስቷል። ሁለቱ ቶርፔዶዎቿ እንደተጠመዱ ናቸው። በጥልቅ ውሃ ቦምብ የተጨፈለቀች መርከብ ግን አትመስልም። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የገደላት የቁጥር 3 መድፍ አንድ ጥይት ነው። ቪዲዮህ ላይ ቦምቦቹን ጥቀስ፣ ክብሩን ግን ለመድፉ ስጥ። አንድ ነገር አደራ፤ ውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ። መቃብር ናትና የጨዋታ ማድመቂያ አታድርጋት።

የሬዲዮ መልእክቱ ታሪክ ከተኩሱ ይልቅ ለትረካ የሚሆን ነው። አውተርብሪጅ መጀመሪያ «በተከለለው ውሃ ውስጥ ባለ ሰርጓጅ ላይ የጥልቅ ውሃ ቦምብ ጥለናል» የሚል መልእክት አስተላለፈ። ቆይቶ አልበቃውም። በእነዚያ ወራት ዓሣ ነባሪ ላይ ሳይቀር ቦምብ ይጣል ነበር። ያችን ቃል ያየ ኃላፊ «ደግሞ መጡ» ብሎ ሊተዋት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መልእክት ላከ፣ 12:53 ላይ። በዚህኛው ላይ «ተኩሰናል» የሚለውን ጨመረ። መድፍ የሚተኮሰው በዓይን በሚታይ ነገር ላይ ነው፣ ያየነው ነገር የምር ነው ማለቱ ነበር። ያም አልረዳም። መልእክቱ ሲፈታ፣ ሲጣራ፣ ስልክ ሲደወል፣ «እርግጠኛ ናችሁ?» ሲባል ጊዜው ሄደ። የፓስፊክ መርከቦች የበላይ አዛዥ አድሚራል ኪሜል በስልክ የሰማው 1:40 ገደማ ነው። እሱም ይጣራ አለ። 1:55 ላይ አውሮፕላኖቹ ደረሱ።

ይህን ይዘህ «ቢሰሙት ኖሮ ፐርል ሃርበር ይድን ነበር» ብለህ እንዳትደመድም። ዋርድ ስትተኩስ የመጀመሪያው ዙር 183 አውሮፕላን አየር ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ መድፎች ይጎረሳሉ፣ አውሮፕላኖች ይበታተናሉ፣ የመርከብ በሮች ይዘጋሉ። ብዙ ሰው ሊተርፍ ይችል ነበር። ጥቃቱ ግን አይቀርም። በዚያ ላይ ያመለጠው ማስጠንቀቂያ የዋርድ ብቻ አይደለም። 1:02 ላይ ኦፓና በሚባለው የራዳር ጣቢያ የሚገኙ ሁለት ወታደሮች አውሮፕላኖቹን በራዳር አይተው ሪፖርት አድርገዋል፤ «አትጨነቁ» ነው የተባሉት። የወደቡ መረብም ከሌሊቱ 10:58 ለፈንጂ ጠራጊዎቹ ከተከፈተ በኋላ ጥቃቱ እስኪጀምር ሳይዘጋ ነው ያደረው። እኔ ጣት ልቀስር ብል ከዋርድ ይልቅ ወደዚያ ክፍት በር ነው የምቀስረው።

«የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ጥይት» የሚለውን ሰርዘው። ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ከ1939 ጀምሮ እየነደደ ነበር። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የጣሊያን ወረራ በ1935 ጀምሮ በዚያው በ1941 አዲስ አበባ ነፃ ወጥታለች። የአሜሪካ የመጀመሪያ ጥይት ማለትም አይቻልም። በሴፕቴምበር 1941 ግሪር የምትባል የአሜሪካ ዲስትሮየር አትላንቲክ ላይ ከጀርመን ሰርጓጅ ጋር ተታኩሳለች። ኦክቶበር 31 ደግሞ ሩበን ጄምስ የምትባለው በጀርመን ቶርፔዶ ሰጥማለች። ትክክለኛው አባባል «አሜሪካ ከጃፓን ጋር ባደረገችው ጦርነት የተኮሰችው የመጀመሪያ ጥይት» ነው። ይረዝማል፣ ግን አያሳፍርህም።

ከዚህ በኋላ ነው ሁለተኛዋ ዋርድ የምትወለደው። በ1942 መጨረሻና በ1943 መጀመሪያ ዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ብሬመርተን ተወስዳ ተቀየረች። አዲሱ ሥራዋ ወታደር ጭና በፍጥነት ወደ ጠላት ዳርቻ ማድረስ ሆነ። ለዚህ የፊተኞቹ ሁለት ቦይለሮች (ለሞተሩ እንፋሎት የሚያፈሉ ጋኖች) ወጡ፣ ከነጭስ ማውጫቸው። በቦታቸው ወታደሮች የሚያድሩበት ክፍል ተሠራ፣ ከ100 ሰው በላይ የሚይዝ። አሥራ ሁለቱም የቶርፔዶ ቱቦዎች ተነሡ። በቱቦዎቹ ቦታ አራት የወታደር ማውረጃ ጀልባዎች ተሰቀሉ። 102 ሚሊ ሜትሮቹ አራት መድፎች በሦስት 76 ሚሊ ሜትር መድፎች ተተኩ። እነዚህ ከ1918ቱ አጭር መድፍ የተለዩ ናቸው፤ ረዘም ያሉ፣ በመርከብም በአውሮፕላንም ላይ የሚሠሩ። በርካታ 20 ሚሊ ሜትር ፈጣን ጸረ አውሮፕላን መትረየሶችም ታከሉ። ቦይለሮቹ ስለተቀነሱ ፍጥነቷ ወደ 25 ኖት ወረደ። መለያ ቁጥሯ ከ139 ወደ 16 ተቀየረ። «3 መድፍ፣ ቶርፔዶ የለም» ያለህ ምንጭ የሚያወራው ስለዚህችኛዋ ነው።

አድማጭህ ትጥቋ ተቀነሰ ብሎ ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን ተሻሻለ ባይ ነኝ። በ1943 ፓስፊክ ላይ የዋርድ ዓይነት መርከብ በቶርፔዶ የምትመታው ጠላት እምብዛም አልነበረም። ሊገድላት የሚመጣው ከሰማይ ነው። በዚህ አዲስ ቅርጿ በሰለሞን ደሴቶች፣ በኒው ጊኒ ዳርቻና በመጨረሻም በፊሊፒንስ ወታደር ስታወርድ ቆየች። ስለዚህ ዘመኗ ሰው ብዙ አይጽፍም። የሠራችው ሥራ ግን ከ1941ዱ አንድ ጠዋት በብዙ ይበልጣል።

ዲሴምበር 7 ቀን 1944፣ ልክ በሦስተኛው ዓመት፣ በፊሊፒንስ ሌይቴ ደሴት ኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወታደሮቿን አውርዳ ጥበቃ ላይ ሳለች የጃፓን አውሮፕላኖች መጡ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ራሱን አምዘግዝጎ መሃል ጎኗ ላይ ገባ። እሳቱን ሊቆጣጠሩት አልቻሉም። መርከበኞቹ ወረዱ። እየነደደች የቀረችውን መርከብ እንድታሰምጥ የታዘዘችው አጠገቧ የነበረች ኦብራየን የተባለች አዲስ ዲስትሮየር ናት። የኦብራየን አዛዥ ማን ነበር? ዊሊያም አውተርብሪጅ።

ስለዚህ «የገዛ አዛዧ ሆን ብሎ አሰመጣት» የሚለው ተጣሞ የተነገረ እውነት ነው። በዚያን ቀን የዋርድ አዛዥ አልነበረም፣ የቀድሞ አዛዧ ነው። ሐሳቡም የእሱ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው የፈጸመው። ከጥቅም ውጪ የሆነች መርከብ ከነእሳቷ መንገድ ላይ እንዳትቀር ማስመጥ የተለመደ ነገር ነው። የቀኑ መገጣጠም ግን ራሱ በቂ ስለሆነ ምንም ቅመም አትጨምርበት። ፍርስራሿን በ2017 ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የሆነው የፖል አለን የምርምር መርከብ ፔትረል ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አግኝታዋለች።

እግረ መንገዴን፣ በ1944 መጨረሻ በዚያው በሌይቴ አካባቢ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። ይህች መርከብ በ1962 ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተብላ ምጽዋ ገብታለች። እስከ 1991 ድረስ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ እሷ ነበረች። ከዋርድ ታሪክ ጋር በቀጥታ አትገናኝም፤ ግን የኛ አድማጭ ጆሮውን ያነሣል፣ ቦታ ካለህ አስገባት።

አሁን ወደ ውሳኔው። የ1941ዱን ትጥቅ ተጠቀም፣ ቀኑንም አብረህ ጥራ። ጽሑፍህ ላይ እንዲህ ብታስገባው ይበቃል፦ «በዲሴምበር 1941 ዋርድ 102 ሚሊ ሜትር አራት መድፎች፣ 12 የቶርፔዶ ቱቦዎችና የጥልቅ ውሃ ቦምቦች ነበሯት፤ በ1943 ወደ ወታደር ማጓጓዣነት ስትቀየር ቶርፔዶዎቹ ተነሥተው መድፎቿ በሦስት 76 ሚሊ ሜትር ተተኩ።» የጸረ አውሮፕላን መሣሪያዎቿን ቁጥር ተወው። እነሱ በየጥገናው ይጨመሩና ይቀነሱ ስለነበር ከምንጭ ምንጭ ይለያያሉ፣ ታሪክህም አያስፈልገውም።

ፎቶ ስትመርጥ ጭስ ማውጫ ቁጠር። አራት ከሆነ ከ1943 በፊት ነው፣ ሁለት ከሆነ በኋላ። የሁለት ጭስ ማውጫዋን ፎቶ ይዞ ስለ ፐርል ሃርበር መተረክ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዝሃል። አራት ጭስ ማውጫ ማየት ብቻም አይበቃም። እህቶቿ በሙሉ ያንኑ ስለሚመስሉ የፊት ጎኗ ላይ 139 የሚል ቁጥር መኖሩን አረጋግጥ።

ቁጥር 3 መድፍ ከመርከቧ ጋር አልሰጠመም። በለውጡ ጊዜ ተነሥቶ ስለነበር ተርፏል። ከ1958 ጀምሮ ሴንት ፖል፣ በሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የተኮሱት ልጆች አገር ነዋ። ሚኒሶታ ብዙ ሀበሻ ያለበት ስለሆነ ዘመድ ወይም ጓደኛ አታጣም። አንድ ሰው ጎራ ብሎ በስልኩ ይቅረጽልህ፤ አፈሙዙን ከቅርብ፣ ከዚያ መድፉን በሙሉ ከጎን። ለታሪካዊ ምስሎች ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ ያነሣቸውን ፈልግ። በመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ የተነሡ ስለሆኑ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለባቸውም። ከፊልም የተቆረጠ ትዕይንት ግን አትንካ፣ መብትም አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም ሌላ መርከብ ነው።